እርጥብ እግርና ረጅም መንገድ፦ ለክረምት የተራራ ጉዞ ጫማ ስለ መምረጥ

ዛሬ የምናወራው ስለ ጫማ ነው፤ ያውም በሐምሌና በነሐሴ ስሜን ወይም ባሌ ተራራ ላይ አራት አምስት ቀን በእግር ሲኬድ ስለሚያስፈልገው ጫማ። አስጎብኚዎች፣ የፓርክ ጥበቃ ሠራተኞች፣ ለጥናት ተራራ የምትወጡ ተመራማሪዎች፣ ቅዳሜና እሑድ ተሰባስባችሁ በእግር የምትጓዙ ወጣቶች፣ እንዲሁም ከቀበሌ ቀበሌ በጭቃ የምትመላለሱ የጤናና የግብርና ባለሙያዎች፣ ወሬው የእናንተ ነውና ሬዲዮኑን ቀረብ አድርጉት።

በቅድሚያ ብርዱን እንወቀው። ከፍታ 1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የአየሩ ሙቀት በአማካይ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀንሳል። አዲስ አበባ ያለችው 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው። የባሌው ሳነቴ አምባ ግን 4,000 ሜትርን ያልፋል፤ ከላዩ ያለው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው። እንግዲህ አዲስ አበባ ላይ ሹራብ የሚያስደርብ የሐምሌ ቀን እዚያ ላይ ከአሥር ዲግሪ በላይ ይበልጥ ይቀዘቅዛል ማለት ነው። ሌሊት ወደ ዜሮ ይጠጋል፤ ቀን በረዶ ይወርዳል፤ ወዲያው ይቀልጣል። ሣሩ ውሃ እንዳዘለ፣ መንገዱ እንደ ጨቀየ፣ ወንዙ እንደ ሞላ ይሰነብታል። ምድሩ በብርድ ደርቆ በሚጠነክርበት አገር ጫማው ብርድን ከከለከለ ይበቃል። የእኛ ደጋ ግን ብርዱንም ውሃውንም አንድ ላይ ነው የሚያመጣው፤ ለእግር ደግሞ ከዚህ የከፋ የለም።

ምክንያቱ ቀላል ፊዚክስ ነው። ውሃ ሙቀትን ከአየር ሃያ አምስት እጥፍ ያህል አፍጥኖ ያስተላልፋል። ስለዚህ እርጥብ ካልሲ ውስጥ ሰዓታት የቆየ እግር አየሩ ዜሮ ሳይደርስ፣ በአምስትና በአሥር ዲግሪ እንኳን ሊጎዳ ይችላል። ሰውነት የመሐሉን ሙቀት ለማዳን ብሎ ወደ እግር የሚሄደውን የደም ሥር ያጠባል። ይህ ለረጅም ሰዓት ሲቀጥል ነርቩና ሥጋው ይጎዳል። ጉዳቱ በደንብ የታወቀው በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ ውሃ በሞላው ምሽግ ውስጥ ቀንና ሌሊት በቆሙ ወታደሮች ላይ ነው። የብሪታንያ ጦር በመጀመሪያው የብርድ ወራት ብቻ ሃያ ሺህ ያህል ሰው በዚህ ምክንያት ወደ ሕክምና ልኳል። በኋላ ጉዳቱን የቀነሰው አዲስ ጫማ ብቻ አልነበረም። ወታደሮች ጥንድ ጥንድ ሆነው አንዱ የሌላውን እግር እንዲመረምር፣ ካልሲም በየቀኑ እንዲቀየር ትእዛዝ በመውጣቱም ነው።

ያ ሁሉ ትምህርት ተረስቶ እ.ኤ.አ. በ1982 እንደገና ዋጋ አስከፈለ። ብሪታንያና አርጀንቲና በፎክላንድ ደሴቶች ሲዋጉ ጊዜው የደቡቡ ንፍቀ ክበብ ብርድ ወራት ነበር። የደሴቱ ምድር በብርድ አይጠነክርም፤ ረግረግ ነው፤ ነፋስና ካፊያ አያጣውም። የብሪታንያ የባሕር ኃይል እግረኞች ከባድ ሸክም በጀርባቸው ተሸክመው በሦስት ቀን ውስጥ ዘጠና ኪሎ ሜትር ያህል በእግር ተጓዙ። ጫማቸው ከቁርጭምጭሚት ብዙም የማያልፍ፣ ውሃ የሚያስገባ፣ አንዴ ከራሰ በቀላሉ የማይደርቅ ነበር። ውጊያውን በእርጥብ እግር ተዋጉት፤ ብዙዎቹም በጥይት ሳይሆን በእግራቸው ታመሙ። ከጦርነቱ በኋላ ሠራዊቱ ያንን ጫማ ትቶ ረዘም ያለ ቡት አስገባ።

ሁለተኛው ታሪክ ከኮሪያ ጦርነት ነው፤ ከእኛው ቃኘው ሻለቃ ጋር ይጎራበታል። የመጀመሪያው ቃኘው ኮሪያ የደረሰው በ1943 ዓ.ም. ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው የብርድ ወራት በቾሲን ሐይቅ አካባቢ የተዋጉት አሜሪካውያን የነበራቸው ጫማ ከታች ጎማ፣ ከላይ ቆዳ ነበር። ከውጭ ውሃ አያስገባም። ነገር ግን ወታደሩ ዳገት ሲወጣ እግሩ በላብ ይርሳል፤ ላቡ መውጫ የለውም፤ ሲቆም ደግሞ ያው ላብ ከዜሮ በታች ሠላሳ ዲግሪ በሚደርሰው ብርድ በረዶ ይሆናል። ብዙ ሰው ጣቱን ያጣው ውሃ በማያስገባ ጫማ ውስጥ ነው። ብልሆቹ ትርፍ ካልሲና የጫማ ንጣፍ በደረታቸው፣ ከሸሚዛቸው ስር ይዘው በገላቸው ሙቀት ያደርቁ ነበር። ይህችን ዘዴ ያዙልኝ፤ ስሜን ላይም ትሠራለች።

ከሁለቱ ታሪኮች የምወስደው አንድ ነገር ነው። ረጅም እርጥብ ጉዞ ላይ እግር መራሱ አይቀርም፤ ከውጭ ባይርስ ከውስጥ ይርሳል። ስለዚህ ጫማ ስትመርጡ የምትጠይቁት ዋና ጥያቄ ስንት ሰዓት እርጥብ ያቆየኛል የሚለው መሆን አለበት። አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ፣ «በቅሎ ነጂዎቹ በኮንጎ ጫማ፣ አንዳንዴም በባዶ እግር አይደለም እንዴ የሚሄዱት? ምን ሆኑ?» ይላል። እውነት ነው፣ ይሄዳሉ፤ እኛንም ጥለውን ያልፋሉ። ግን አስተውላችሁ እዩ። ኮንጎ ጫማ ውሃ አይዝም፤ እንደ ገባ ይወጣል። ማታ ደግሞ እሳት ዳር እግራቸውን ዘርግተው ያደርቃሉ። በጥንካሬ ቢበልጡንም እርጥብ ነገር ውስጥ እግራቸውን ቀን ከሌሊት አያሽጉም። እኛ ግን በወፍራም ጫማ አሽገን ነው የምንውለው።

አሁን ወደ ገበያ እንውጣ። ሻጩ መጀመሪያ የሚነግራችሁ «ይሄ ውሃ አያስገባም» የሚለውን ነው፤ ዋጋውንም በዚያው ይጨምራል። ብዙ ጊዜ ቃሉ የሚያመለክተው ጎር-ቴክስን ወይም ዘመዶቹን ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ቦብ ጎር የተባለ አሜሪካዊ የቴፍሎንን ዘንግ፣ ያንኑ መጥበሻ ላይ የሚቀባውን ነገር፣ አሙቆ በኃይል ቢስበው ተለጠጠና በዓይን የማይታይ ቀዳዳ የሞላበት ስስ ነገር ሆነለት። የውሃ ጠብታ በዚያ ቀዳዳ አያልፍም፤ የላብ እንፋሎት ያልፋል። ግሩም ፈጠራ ነው። በጠዋት ወጥቶ ማታ ቤት ለሚገባ ሰው እኔም እመክረዋለሁ።

ለአምስት ቀን ጉዞ ግን ሐሳቤ ይለወጣል። ጫማ ምንም ያህል ቢታሸግ እግር የሚገባበት ትልቅ ቀዳዳ አለው። ጉልበት የሚደርስ እርጥብ ሣር ውስጥ ስትሄዱ ውሃው ሱሪንና ካልሲን ተከትሎ ይወርዳል፤ ያ እንዳያስገባ የተሠራው ሽፋን አሁን እንዳይወጣ ይይዘዋል። እንፋሎቱም ቢሆን የሚያልፈው የጫማው ውጪ ደረቅ ሲሆን ነው፤ ቆዳው ውሃ ጠጥቶ ጭቃ ከለበሰ መተንፈሱ ይቀራል። በዚያ ላይ ሽፋኑ ጣት በሚታጠፍበት ቦታ ከጊዜ ብዛት ይሰነጠቃል፤ ይህ መቼ እንደሚሆን ደግሞ ከውጭ አይታይም። ወፍራም የስፖንጅ ገበር ያለው ጫማ አንዴ ከራሰ ተራራ ላይ እስከ መጨረሻው ቀን አይደርቅም።

ስለዚህ ለረጅሙ ጉዞ የምመርጠው ቀለል ያለ የቆዳ ቡት ነው፤ ቁርጭምጭሚትን የሚሸፍን፣ ስፌቱ ጥቂት የሆነ፣ ከተቻለም ፊቱ ከአንድ ወጥ ቆዳ የተቆረጠ። ከላይ ካልሆነ ውሃ የሚገባው በስፌት ነውና ስፌት በበዛ ቁጥር በር በዛ። ምላሱ ከጎንና ከጎን እስከ ላይ ድረስ ከጫማው ጋር የተሰፋ መሆኑን ጣታችሁን ከትታችሁ እዩ፤ ካልተሰፋ የመጀመሪያው ኩሬ ይገባበታል። ገበሩ ስስ ይሁን። የውስጥ ንጣፉ የሚወጣ ይሁን፤ ማታ አውጥታችሁ ለብቻው ታደርቁታላችሁ። ከጉልበት በታች የምትታሰር ገምባሌ ብታገኙ ደግሞ በሣር የሚወርደውን ውሃ ከማንኛውም ውድ ጫማ በላይ ትከላከላለች። ዛሬ በናይለን የተሠራ ገምባሌ አለ፤ ካጣችሁም ልብስ ሰፊ ከድንኳን ሸራ ይሰፋላችኋል።

የጎማ ቦትስ? ይህን ጥያቄ የሚንቅ አለ፤ እኔ አልንቀውም። በፊንላንድና በስዊድን ረግረግ የሚሻገሩ መንገደኞች ለብዙ ቀን ጉዞ የጎማ ቦት የሚያደርጉበት የቆየ ልማድ አላቸው። ነገር ግን እነሱ የሚጫሙት በእግር ልክ የተሠራ፣ ወፍራም የሱፍ ካልሲ የሚያስገባ፣ ንጣፉ የሚወጣ ቦት ነው፤ ምድራቸውም በአብዛኛው ሜዳ ነው። እኛ ገበያ የምናገኘው ሰፊና ቀጭን ቦት ለእርሻና ለግንባታ ሥራ የታሰበ ነው። ለጥቂት ሰዓት ጭቃ እጅግ ደግ ነው። ስሜን ላይ ከቧሂት ተራራ ወደ መሸሃ ወንዝ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ሲወረድ ግን እግር ወደ ፊት ይንሸራተታል፤ ጥፍር ይጠቁራል፤ ተረከዝ ይላጣል። ለስሜን አልመክረውም። ጭቃና ረግረግ ለሚበዛበት ለሜዳማው አምባ፣ የውሎ ገብ ሥራ ከሆነ፣ ይሁን።

ልክ ላይ ብዙ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ከቆዳውም ከስሙም የሚበልጠው ልኩ ነው። ጫማ የሚለካው ከሰዓት በኋላ ነው፤ እግር በቀኑ ውስጥ ያብጣል፤ ተራራ ላይ ደግሞ ከዚያ የባሰ ያብጣል። ለጉዞው ያሰባችሁትን ወፍራም ካልሲ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሻጩ በሚሰጣችሁ ስስ ካልሲ አትለኩ። መጀመሪያ ንጣፉን ከጫማው አውጥታችሁ መሬት ላይ አኑሩትና ካልሲ አድርጋችሁ ቁሙበት። ጣቶቻችሁ ወይም የእግራችሁ ጎን ከንጣፉ ከወጣ ጫማው ጠባብ ነው፤ «ሲለበስ ይሰፋል» የሚባለውን አትስሙ። ከረጅሙ ጣታችሁ ፊት አንድ የአውራ ጣት ስፋት ያህል ክፍት ይቅር። ሁለቱ እግሮቻችሁ እኩል ላይሆኑ ይችላሉ፤ የምትገዙት ለትልቁ ነው።

ከዚያ ክሩን በደንብ አስራችሁ ደረጃ ፈልጉ። ስትወጡ ተረከዛችሁ በጣም እየተነሳ የሚመለስ ከሆነ፣ እዚያ ላይ ነው ውሃ የሚቋጥረው። ስትወርዱ ጣታችሁ የጫማውን አፍንጫ ከነካ፣ ያን ጫማ ለሻጩ መልሱለት። ሱቁ ውስጥ ሩብ ሰዓት ብትንጎራደዱ ማንም አይቆጣችሁም፤ ቢቆጣም ከእናንተ ጥፍር አይበልጥም።

አንድ የተለመደ ስሕተት አለ። ብርድ የፈራ ሰው ሁለት ሦስት ካልሲ ደርቦ እግሩን ጫማው ውስጥ ይጠቀጥቃል። ሙቀት የሚያመጣው ግን የሚዘዋወረው ደምና በካልሲው ውስጥ የተያዘው አየር ነው። የተጠቀጠቀ እግር ሁለቱንም ያጣል፤ አንድ ካልሲ ካደረገው ሰው ቀድሞም ይደነዝዛል። ጣቶቻችሁን ጫማው ውስጥ እንደ ልብ ማንቀሳቀስ ካልቻላችሁ ካልሲ ቀንሱ ወይም ቁጥር ጨምሩ።

ጫማ ከውጭ የሚልክላችሁ ዘመድ ካላችሁ፣ ከሲያትልም ይሁን ከስቶክሆልም፣ «42 ነኝ» ብላችሁ ብቻ አትተዉት። የአንዱ ፋብሪካ 42 ከሌላው 42 ይለያል፤ ስፋቱ ደግሞ በቁጥሩ ውስጥ አይታይም። ማታ ላይ ካልሲ አድርጋችሁ ወረቀት ላይ ቁሙ፤ ሌላ ሰው እርሳሱን ቀጥ አድርጎ ይዞ በእግራችሁ ዙሪያ ያስምር። ርዝመቱንና ሰፊ ቦታውን በሚሊ ሜትር ጽፋችሁ ላኩ። ዘመዳችሁም ያንን ይዞ የጫማውን ንጣፍ ይለካል።

ሶሉን ገልብጡት። ጥልቅ ጥርስ ብቻውን አይበቃም፤ በጥርሶቹ መካከል ሰፋ ያለ ቦታ ከሌለ ዋልካ ጭቃ ይሞላበትና በሁለት ኪሎ ሜትር ውስጥ ልሙጥ ሶል ይሆናል። ተረከዙ ፊት ቁልጭ ያለ እርከን ይኑረው፤ ቁልቁለት ላይ የሚይዛችሁ እሱ ነው። ሶሉ በጥፍር ሲጫኑት ትንሽ የሚሰጥ ጎማ መሆን አለበት፤ እንደ ፕላስቲክ የደረቀ ከሆነ እርጥብ ድንጋይ ላይ ይጥላል። የዛሬው ባለ ጥርስ የጎማ ሶል ራሱ የመጣው ከአደጋ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1935 ቪታሌ ብራማኒ የተባለ ጣሊያናዊ ተራራ ወጪ ስድስት ጓደኞቹ በአልፕስ ተራራ ላይ ከሞቱበት በኋላ ለተራራ የሚሆን የጎማ ሶል መሥራት ጀመረ፤ ቪብራም የሚለው ስም ከእሱ ስም የወጣ ነው።

ሳልቫጅ ተራ ያገለገለ ጫማ ለምትገዙ የተለየ ማስጠንቀቂያ አለኝ። እዚያ ጥሩ የአውሮፓ ቡት በርካሽ ይገኛል፤ ቆዳው አዲስ ይመስላል። ነገር ግን በብዙዎቹ ሶልና ቆዳ መካከል ያለው ለስላሳ አካል ፖሊዩሬቴን ከሚባል ነገር የተሠራ ነው። እሱ ደግሞ ባይለበስም፣ ሳጥን ውስጥ ተቀምጦም፣ የአየሩ እርጥበት ቀስ በቀስ ይበላዋል። ዓመታት ያለፉት ጫማ ሱቅ ውስጥ ምንም አይመስልም፤ ተራራ ላይ በሁለተኛው ቀን ሶሉ እንደ ቂጣ ተፈርፍሮ ይወድቃል። ስለዚህ ጎኑን በአውራ ጣታችሁ ጥፍር ጠበቅ አድርጋችሁ ጫኑት፤ ጫማውንም እጠፉት። የሚሰነጠቅ፣ የሚጣበቅ ወይም ዱቄት የሚያወጣ ከሆነ ተዉት። በማስቲሽ የሚመለስ ነገር አይደለም።

ክብደትም አለ። እ.ኤ.አ. በ1969 የታተመ የአሜሪካ ጦር ጥናት፣ እግር ላይ ያለ ክብደት ጀርባ ላይ ካለው እኩል ክብደት ከአራት እስከ ስድስት እጥፍ የሚበልጥ ጉልበት እንደሚጠይቅ አሳይቷል። ልካቸው እኩል ከሆኑ ሁለት ጫማዎች ቀለል ያለውን ውሰዱ።

ካልሲ ላይ ገንዘብ አትሰስቱ። ጥጥ ውሃ ጠጥቶ እግር ላይ ይለጠፋል፤ አይደርቅም፤ ይልጣል። ሱፍ ሲርስም የተወሰነ ሙቀት ይይዛል። የመንዝ ሰው በዚያ ጉምና ብርድ ባና የሚደርበው አላወቀ ብላችሁ ነው? ሙሉ ሱፍ ካጣችሁ ሱፍና ናይለን የተቀላቀለበት ይሁን። ሦስት ጥንድ ይበቃል፤ ሁለቱ ለመንገድ እየተፈራረቁ፣ ሦስተኛው ለመኝታ። የመኝታው በፌስታል ታስሮ ከመኝታ ከረጢታችሁ ጋር ይቀመጣል፤ የፈለገው ቢመጣ ቀን አይደረግም። እግር ሌሊቱን ስምንት ሰዓት ደርቆና ሞቆ ካደረ የቀኑን እርጥበት ይችላል። ጠዋት ያንን እርጥብ ካልሲ እንደገና ማጥለቅ ይከብዳል፤ ቢሆንም አጥልቁት፤ ሩብ ሰዓት ከሄዳችሁ በኋላ ይሞቃል።

ኮንጎ ጫማ ጓዛችሁ ውስጥ ይግባ። ቀላል ነው፣ ርካሽ ነው፣ ውሃ አይዝም። ወንዝ ስትደርሱ ቡታችሁንና ካልሲያችሁን አውልቃችሁ በኮንጎ ተሻገሩ፤ በባዶ እግር አትግቡ፤ የማይታይ ድንጋይ ላይ የተቆረጠ እግር ጉዞውን ያበቃዋል። ውሃው ከጉልበት በላይ ከሆነና የሚገፋ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ የጫማ አይደለም፤ ጠብቁ ወይም ተመለሱ። ድንኳን ስትደርሱም ያው ኮንጎ የማታ ጫማ ይሆናል። ብርዱ ከጸና ደረቅ ካልሲ፣ ከላዩ ፌስታል፣ ከዚያ እርጥቡ ቡት፤ ለማታው ግማሽ ሰዓት ሥራ ይጠቅማል። ቀኑን ሙሉ ግን በፌስታል አትሂዱ፤ የኮሪያውን ላብ ታመጣላችሁ።

እርጥብ ቡት እሳት ዳር አታስጠጉ። ቆዳው ይሰነጠቃል፣ ማስቲሹ ይለቃል። ንጣፉን አውጡ፣ ጋዜጣ ጠቅጥቁበት፣ ሲርስ ቀይሩት። ቅባት የሚቀባው ከጉዞው በፊት፣ ስፌቱ ላይ ጠበቅ ተደርጎ ነው።

ማታ ማታ እግራችሁን በብርሃን እዩት። ነጭ ሆኖ የተጨማደደ፣ የደነዘዘ፣ እንደ እንጨት የሚሰማ ከሆነ ጉዳቱ ጀምሯል። አጥባችሁ አድርቁት፣ ከፍ አድርጋችሁ በብርድ ልብስ ቀስ ብሎ ይሙቅ። አትሹት፤ ወደ እሳት አታቅርቡት፤ የደነዘዘ እግር ሲቃጠል አይታወቀውም። ሲሞቅ ቀልቶ ካበጠና ካቃጠለ፣ ወይም ድንዛዜው እስከ ጠዋት ካልለቀቀ፣ በቀጣዩ ቀን ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ጤና ጣቢያ ነው የሚሄደው። አስጎብኚዎች፣ እንግዳችሁ «ምንም አላመመኝም» ቢላችሁም ካልሲውን አስወልቁት፤ የደነዘዘ ሰው እውነቱን ነው፣ አያመውም።

በጀታችሁ ጠባብ ከሆነ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ በልክ የሆነ ቡት፣ ቀጥሎ የሱፍ ካልሲ፣ ቀጥሎ ገምባሌ፤ የታወቀ ስምና ውሃ አያስገባም የሚለው ምልክት ከዚያ በኋላ ይምጣ። ግዢውንም ለሐምሌ አታቆዩት። በግንቦት ግዙትና እንጦጦ ላይ፣ በሠፈራችሁ ዳገት ላይ፣ ሥራ ስትሄዱም በዝናብ ተጫሙት፤ የሚልጠው ቦታ ካለ እዚሁ ይታወቅ። አዲስ ጫማ ይዛችሁ የስሜን መግቢያዋ ደባርቅ አትድረሱ።